ኮሮላ 2004፦ ስትሞቅ ዳገት ላይ ትጠፋለች፣ ሁለት ፓምፕ ቀይሬም አልዳነችም

ሰሚት_ኮሮላ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለቤቱ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መኪናዬ ኮሮላ 2004 ናት፣ 1.6፣ ማንዋል። ከሁለት ዓመት በፊት መኪና ከሚያከራይ ሰው ላይ ነው የገዛኋት። ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳለች፣ ሚኒሞዋም (ነዳጅ ሳይረገጥ የምትዞርበት) የተስተካከለ ነው። ጉዱ የሚመጣው ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄደች በኋላ ነው። መገናኛ ጋር ትራፊክ ይዞኝ ስቆም ምንም አትልም። ዳገት ስጀምር ወይም ሰው ቀድሜ ለማለፍ ነዳጅ ስረግጥ ግን መጀመሪያ ጉልበት ታጣለች፣ ቀጥላ ታስላለች፣ ከዚያ ጥፍት። 15 ደቂቃ ካሳረፍኳት ምንም እንዳልሆነ ሰው ትነሳለች።

እስካሁን የተቀየረው፦ አራቱም ካንዴላ፣ አንድ ቦቢና፣ አዲስ የነዳጅ ፓምፕ (ኮፒ)፣ እሱ አልሠራ ሲል ደግሞ ያገለገለ ኦሪጅናል ፓምፕ። ስሮትሉም ታጥቧል። ኮምፒውተር ሲደረግ ፒ0171 የሚል የብልሽት ኮድ ብቻ ነው የሚያወጣው።

ቅዳሜ እናቴን ይዤ እንጦጦ ማርያም ስወጣ ከሽሮ ሜዳ ትንሽ አለፍ ብሎ ዳገቱ ወገብ ላይ ቀጥ አለች። ከኋላዬ የሞላ ሚኒባስ። የሰፈር ልጆች ገፍተው ዳር አስያዙኝ። እናቴ «ይቺን መኪና እዚያው ጸበል አስረጫት» አለችኝ፣ የምሯን ነው።

አሁን ጋራዡ «ኮምፒውተሯ ተበላሽቷል፣ ይቀየር» እያለኝ ነው። ብሩን ከማውጣቴ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

---

የነዳጅ_ሽታ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እህቴ፣ ነዳጁ ነው። ማደያ ሰልፍ ሲበዛ ሰው ከጀሪካን ይገዛል፣ ጀሪካኑ ውስጥ ላምባ ይኑር ውሃ ይኑር ማን ያውቃል። ታንኩን አስወርደሽ አሳጥቢ፣ ኢንጀክተሮቹንም (ነዳጅ የሚረጩትን) አብረሽ። የእኔ ቪትዝ በዚህ ነው የዳነችው።

---

ሰሚት_ኮሮላ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡12

ከጀሪካን ገዝቼ አላውቅም። ታንኩም ፓምፑ ሲቀየር ተከፍቶ ታይቷል፣ ንጹሕ ነው ብለውኛል።

---

ባለ_ቴስተር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ሁለት ፓምፕ ሲቀየር የነዳጁን ግፊት በጌጅ የለካ ሰው ነበር?

---

ሰሚት_ኮሮላ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡34

የለም። «ድምፁ ደክሟል» ብለው ነው የቀየሩት።

---

ባለ_ቴስተር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡41

ጨርሰሻል። ድምፅ ሰምቶ ፓምፕ መቀየር በር ላይ ቆሞ ሳል ሰምቶ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው። የኮምፒውተሩን ብር እንዳታወጪ። ፒ0171 እኮ ኮምፒውተሩ ራሱ «ነዳጅ አነሰኝ፣ አየር በዛብኝ» ብሎ የሚያሰማው ስሞታ ነው። ስሞታ ያቀረበውን ነው ሊያስሩት የፈለጉት።

---

ሜሪላንድ_ቁልፍ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20 (በእኔ ገና ሰኞ ማታ ነው)

ሰሚት ልጄ፣ እኔ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ ከዚሁ ሥራ ጋር ፀጉሬ ሸብቷል። አዲስ አበባ እያለሁ በካርቡራተር ነው የጀመርኩት። ዕቃ መግዛቱን አቁሚና የመኪናሽን አጠፋፍ ተመልከቺ።

መኪና ሁለት ዓይነት አጠፋፍ አላት። አንደኛው እንደ መብራት ኃይል ነው፣ ድንገት ድርግም። ሳል የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፣ የአርፒኤሙ መርፌ ሞተሩ ገና እየዞረ ሳለ ዜሮ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) ወይም ዋናው የኤሌትሪክ መስመር ነው። ሁለተኛው እንደ ኩራዝ ነው፣ ላምባው ሲያልቅበት ይጠወልጋል፣ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከዚያ ይሞታል። የአንቺ ኩራዝ ናት። ኩራዝ ደግሞ ነዳጅ ነው።

ቢሆንም ሳያረጋግጡ መማል ጥሩ አይደለም። በሚቀጥለው ስትጠፋ፣ 15 ደቂቃው ሳያልፍ፣ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) የሚያዞርልሽ ሰው አድርጊና አንቺ ጆሮሽን የኋላ ወንበሩ ላይ ለጥፊ። ፓምፑ ከወንበሩ ሥር ነው ያለው። ቁልፉን ኦን ብቻ አድርገሽ ዝም ቢል አትደንግጪ፣ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ፓምፑ የሚነሳው ሞተሪኖው ሲዞር ነው። አብሮሽ ያለው ሰው የካንዴላውን እሳትም ይይ። እሳትም የለ፣ የፓምፕ ድምፅም የለ ከሆነ ወደ ክራንክ ሴንሰር ሂጂ። የክራንኩ ምልክት ከጠፋ ኮምፒውተሩ ፓምፑንም አብሮ ይዘጋዋል፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተታሎ ደህና ፓምፕ ይጥላል። እሳት አለ፣ ነዳጅ የለም ከሆነ ግን የጥፋተኛውን ሰፈር አገኘሽው።

ሌላ ነፃ ምርመራ አለ። ልክ ማሳል ስትጀምር ዳር ያዢና የታንኩን ክዳን ክፈቺ። «ፉስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከሳበ የታንኩ መተንፈሻ ተዘግቷል ማለት ነው፣ ፓምፑ ነዳጅ ሲያወጣ በቦታው የሚገባ አየር አጥቶ ታንቋል። ክዳኑን ላላ አድርገሽ ዳገቱን ሞክሪው። ሳንቲም አያስወጣም።

ኮምፒውተር የሚያደርግልሽ ሰው ኮዱን አንብቦ እንዳይሄድ። የነዳጅ ማስተካከያውን፣ ትሪም የሚሉትን፣ በቀጥታ ያሳይሽ። ከ10 በመቶ ወዲህ ወዲያ ከሆነ ሰላም ነው። ሚኒሞ ላይ ከፍ ብሎ 2,500 ዙር ላይ ከወረደ የሆነ ቦታ አየር እየሾለከ ነው። በተቃራኒው ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ጭነት ሲመጣ እየወጣ ከሄደ ነዳጅ አልደረሰም። ይቺን ነገር የሚያውቅ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

---

አዋሽ_ሰባት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡50

እኔ በዲኤክስ (በድሮው ባለ ካርቡራተር ኮሮላ) ዘመን የነዳሁ ነኝ። ዓባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ወርደን ወደ ደጀን ስንወጣ መኪናው ልክ እንደዚህ ይጠፋ ነበር። ርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጣል እናደርግና ሻይ እስክንጠጣ ይነሳል። ቤንዚን ቧንቧ ውስጥ ሲፈላ ነው። በከፍታ ላይ ደግሞ ቶሎ ይፈላል።

---

ሜሪላንድ_ቁልፍ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡30

አዋሽ፣ ያንን ጨርቅ እኔም አስቀምጫለሁ፣ ትክክል ብለሃል፤ ለዲኤክስ። የዲኤክስ ፓምፕ ሞተሩ ጎን ላይ ተለጥፎ ነዳጁን ከታንክ ድረስ ይስባል። ሲሳብ የሳሳ ቤንዚን ደግሞ ለመፍላት ሰበብ ነው የሚፈልገው። የ2004ቷ ፓምፕ ግን ታንክ ውስጥ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ ተቀምጦ ወደ ፊት ይገፋል። ሦስት ባር ይዞ የተገፋ ቤንዚን በቀላሉ አይፈላም። ጨርቁ እዚህ ላይ ለግንባር ላብ ብቻ ነው የሚጠቅመው።

---

ባለ_ቴስተር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡15

ልኬቱን ልስጥሽ። የአንቺ ሞዴል ግፊት ከ304 እስከ 343 ኪሎፓስካል ነው፣ በፒ ኤስ አይ ከ44 እስከ 50። ሞተሩን ካጠፋሽ በኋላ ደግሞ ለ5 ደቂቃ ያህል ከ147 ኪሎፓስካል በታች መውረድ የለበትም። ይሄኛው ከወረደ የፓምፑ የማይመልስ ቫልቭ ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር አለ ማለት ነው፣ ስትነሳ ያስቸግራል እንጂ ዳገት ላይ አያጠፋሽም፣ ሁለቱን እንዳታምታቺ።

የአንቺ ሞተር ላይ ጌጅ የሚሰካበት ዝግጁ ጫፍ የለም። ጎሚኒው ኢንጀክተሮቹ ከተሰለፉበት ቧንቧ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ በቲ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) ነው የሚገባው። ከመፍታታችሁ በፊት የፓምፑን ሶኬት ንቀሉና ሞተሩን አስነሱት፣ ግፊቱን ጨርሶ ራሱ ይጠፋል። ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ አውጡ፣ ጨርቅ አልብሳችሁ ፍቱ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከግቢው ይውጣ። የእሳት ማጥፊያ ከአጠገባችሁ ይኑር፣ ሻንጣ ውስጥ የተቀበረው ሳይሆን እጅ ላይ ያለ።

---

የነዳጅ_ሽታ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡02

304 የተባለው ለጃፓን ነው ወንድሜ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ግፊቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። እዚህ 260 ኖርማል ነው። ብዙ ሜካኒክ ይህን አያውቅም።

---

ባለ_ቴስተር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡25

ብዙ ሜካኒክ የማያውቀው ትክክል ስላልሆነ ነው 😄 ጌጁ የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። ታንክ ውስጥ ያለው ማስተካከያም የሚደገፈው በዚያው አየር ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ፣ ልዩነቱ ባለበት ይቆያል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 320 ያነበበች መኪና እንጦጦ ላይም 320 ነው የምታነበው። 260 ካነበብክ የታመመች መኪና ይዘሃል።

---

ባለ_98
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

ይቅርታ ክሩን ላቋርጥ። የእኔ ኮሮላ 98 ናት፣ ባለ 4ኤ ሞተር። አትጠፋም፣ ግን ጥቁር ጭስ አላት፣ ቤንዚን ትበላለች። እኔም ይሄንኑ 304 ልጠብቅ?

---

ሜሪላንድ_ቁልፍ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

አይ፣ ያንተ ሌላ ነው። ያንተ ነዳጅ የሚመልስ መስመር አላት፣ ማስተካከያውም ሞተሩ ላይ ነው፣ ቀጭን የቫኩም ጎሚኒ ተሰክቶበታል። ጎሚኒው እንደተሰካ ሚኒሞ ላይ ከ206 እስከ 255፣ ነቅለህ አፉን ስትደፍነው ከ265 እስከ 304 ኪሎፓስካል ማንበብ አለብህ። መነሳቱን ራሱ ማየትህ ነው ቁም ነገሩ። ግን ጌጅ ከመፈለግህ በፊት ያንን ቀጭን ጎሚኒ ነቅለህ አሽትተው። ቤንዚን ቤንዚን ካለ የማስተካከያው ጎማ ተቀዶ ሞተሩ በዚያ በኩል ጥሬ ቤንዚን እየጠጣ ነው፣ ጭስህም እሱ ነው። ውጤቱን በራስህ ክር ጻፍልን፣ እዚህ የልጅቷን እንጨርስ።

---

ሰሚት_ኮሮላ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡45

መጣሁ። ወንድሜ ጌጅ ከሚያውቀው ሰው ተውሶ ገጠመልኝ። ሚኒሞ ላይ 320። ነዳጅ ስሰጥም 320። አጥፍተን 5 ደቂቃ ጠበቅን፣ 250 ላይ ነበር። የታንኩን ክዳንም ሞከርኩ፣ ፉስስ የሚል ነገር የለም። ክዳኑን ላላ አድርጌም ሄድኩ፣ ያኔም ጠፋችብኝ።

ስለዚህ ግፊቱ ደህና ነው አይደል? ኮምፒውተሩ ነው እንግዲህ?

---

የነዳጅ_ሽታ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡58

ብዬ ነበር። ኢንጀክተር።

---

ባለ_ቴስተር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡10

ቆይ ቆይ። የት ቆማችሁ ነው የለካችሁት?

---

ሰሚት_ኮሮላ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡14

ግቢ ውስጥ።

---

ባለ_ቴስተር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡37

መኪናዋ ግቢ ውስጥ ታምማ ታውቃለች? የታመመችው ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ነው። ግቢ ውስጥ ሞተሩን በባዶ ብታስጮኺው የሚጠጣው ነዳጅ ኢምንት ነው። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ውሃው ሲሳሳ ምድር ቤት ይደርሳል፣ አራተኛ ፎቅ ግን ጠብ አይልም። ምድር ቤት ቧንቧ ከፍተሽ «ውሃ አለ» እያልሽ ነው ያለሽው።

የጌጁ ጎሚኒ ረጅም ከሆነ በኮፈኑ የኋላ ጠርዝ አውጥታችሁ ጌጁን ከውጭ የፊት መስታወቱ ላይ በናስትሮ አጣብቁት፣ ፊቱ ወደ እናንተ ይሁን። መኪናው ውስጥ ፈጽሞ እንዳታስገቡት፣ ቢፈነዳ ቤንዚን ጭናችሁ ላይ ነው። ጎሚኒው ትኩስ ነገር አይንካ፣ ኮፈኑም አይቆንጥጠው። አንዱ ይንዳ፣ አንዱ ቁጥሩን ያንብብ።

---

ሰሚት_ኮሮላ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡20

እንጦጦ ደርሰን መጣን። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

ሽሮ ሜዳ ድረስ 320፣ 315። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ስጀምር 300። ትንሽ ቆይቶ 260። ወንድሜ እየጮኸ ያነባል፦ 230፣ 190። 190 አካባቢ ማሳል ጀመረች። 150 ሲል ጠፋች። ዳር ይዘን ሞተሪኖ ስናዞር እሳት አለ፣ ፓምፑም ድምፅ አለው ግን እንደ ደከመ ንብ ነው።

እና ሦስተኛ ፓምፕ ልግዛ?

---

ኪሴ_ባዶ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡31

በዓመቱ መጨረሻ የፓምፕ ሱቅ ትከፍቺያለሽ 😂

---

ሜሪላንድ_ቁልፍ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡15

እንዳትገዢ። አሁን ገና ነው ነገሩ የጣፈጠው። ሦስት የተለያየ ፓምፕ፣ ያው አንድ በሽታ። ሦስቱም በአንድ ቀን አልተረገሙም። ወይ የሚጠጡት ተበላሽቷል ወይ የሚበሉት። የሚጠጡት ከታች ያለው የወንፊት ማጣሪያ ነው፤ ሲገጠም ታጥፎ ከሆነ ወይም ኮፒው አጥሮ ከታንኩ ወለል ከፍ ካለ ዳገት ላይ አየር ይስባል። ስትጠፋ ታንክሽ ስንት ነበር?

---

ሰሚት_ኮሮላ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡20

ሙሉ ሊሆን ትንሽ የቀረው። ዓርብ ሁለት ሰዓት ተሰልፌ የሞላሁት ነው።

---

ሜሪላንድ_ቁልፍ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡28

እንግዲያው አየር መሳቡ አይመስለኝም። የሚበሉትን እንይ፣ ኤሌትሪኩን። ለባለ ቴስተር እለቃለሁ፣ ስሙ ይጠራዋል።

---

ባለ_ቴስተር
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡05

እናመሰግናለን ጋሼ። ሰሚት፣ ጋራዡ የፓምፑን መስመር በኤሌትሪክ ፈትሾት ነበር?

---

ሰሚት_ኮሮላ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡11

አዎ፣ ሶኬቱን ነቅሎ በቴስተር ለካው፣ «12 ቮልት ይመጣል፣ መስመሩ ደህና ነው» አለ።

---

ባለ_ቴስተር
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡48

የጠረጠርኩት ይህንኑ ነው። ሶኬት ነቅሎ መለካት ምንም ነገር አይነግርም። አንዲት የፀጉር ክር የምታክል ሺቦ ብትቀር እንኳ ቴስተሩ ላይ 12 ቮልት ታሳያለች፣ ምክንያቱም ቴስተሩ ምንም አይጠጣም። ፓምፑ ግን 5 አምፔር አካባቢ ይጠጣል። ጭነት ሲመጣ ነው ሺቦው እውነቱን የሚያወጣው። ሰው ባዶ እጁን ሲሄድ አያነክስም፣ ኩንታል አሸክመው ታየዋለህ።

ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ከኋላው በቀጭን መርፌ ገብታችሁ ለኩ። ሁለት ልኬት ነው የምፈልገው። አንደኛ፦ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ፓምፑ ኔጋቲቭ ሺቦ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው (የኔጋቲቩ መስመር) ነው የተበላሸው። ሁለተኛ፦ ፓምፑ ላይ ራሱ፣ ከፖዘቲቭ እስከ ኔጋቲቭ። ባትሪው ጋ 13.8 ካለ ፓምፑ ጋ ቢያንስ 13 አካባቢ መድረስ አለበት። እና እባክሽ ሞቃ ሳለች፣ ልክ ማሳል ስትጀምር።

---

ሰሚት_ኮሮላ
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡40

ከቅዳሴ መልስ ሠራነው። የኋላ ወንበሩን አንስተን ክዳኑን ከፍተን ሄድን፣ ወንድሜ ከኋላ ተቀምጦ ይለካል። ቤንዚን ሸቶናል፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትን።

ቀዝቃዛ ሳለች፦ ባትሪው 13.9፣ ፓምፑ 12.1።
ዳገት ላይ ስታስል፦ ባትሪው 13.8፣ ፓምፑ 9.4!
የኔጋቲቩ ሁለቱም ጊዜ 0.1።

---

ባለ_ቴስተር
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡52

አገኘሻት!! 4.4 ቮልት መንገድ ላይ እየተዘረፈ ነው፣ ኔጋቲቩ ንጹሕ ስለሆነ ሌባው ፖዘቲቩ ላይ ነው። 4.4ን በ5 አምፔር አባዢው፣ 22 ዋት ሙቀት። ያ ሁሉ እሳት የሆነ አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ሪሌ (በኤሌትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ወይም አንድ ስፒና (የሺቦ መገጣጠሚያ) ውስጥ ተቀምጧል። ሲሞቅ ይብሳል፣ ሲብስ ይሞቃል። 15 ደቂቃ ስታርፍ የምትነሳውም ለዚህ ነው፣ የሚቀዘቅዘው ሞተሩ አይደለም፣ ያ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ኮፈኑ ሥር ያለውን የኢኤፍአይ ሪሌ፣ ከዚያ ዳሽቦርዱ ሥር ያለውን የፓምፑን ሪሌ በእጅሽ ንኪ። ከዚያ ደግሞ… ቆይ እስቲ። መኪናዋን «ከአከራይ ነው የገዛኋት» አላልሽም?

---

ሰሚት_ኮሮላ
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡55

አዎ። ምነው?

---

ባለ_ቴስተር
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡03

አከራዮች ጂፒኤስ ያስገጥማሉ፣ ተከራዩ መኪናዋን ይዞ ከጠፋ ከስልክ ላይ ሞተሩን ለማጥፋት። እሱ የሚያጠፋው ምኑን ይመስልሻል? የነዳጅ ፓምፑን መስመር ይቆርጡና መሃሉ ላይ ሪሌ ይከታሉ። ገጣሚው ጥሩ ሰው ከሆነ ይበይደዋል። ካልሆነ ሁለት ሺቦ ጠምዝዞ በናስትሮ ይጠቀልልና ምንጣፍ ሥር ይቀብረዋል። በሾፌሩ በኩል የበሩን ደፍ ፕላስቲክ አንሺ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ጀምሪ፣ ወደ ኋላ የሚሄደውን የሺቦ ጥቅል በጣትሽ ተከተዪው። የሞቀ ነገር ስታገኚ ጻፊልን።

---

ሰሚት_ኮሮላ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30

እኔ ምን ልበላችሁ።

ሾፌሩ ጋ ያለው የደፍ ፕላስቲክ ሥር፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ሪሌ፣ በሦስት ዙር ናስትሮ ታስራ ተገኘች። ፕላስቲኳ ቀልጦ ቡናማ ሆኗል። ሺቦዎቹ ልክ እንዳልከው ጥምዝ ናቸው፣ አንደኛው አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ጂፒኤሱ ራሱ የለም፣ የቀድሞው ባለቤት ሲሸጥ አውልቆ ወስዶታል። ሪሌዋን ትቷታል።

ወንድሜ ሪሌዋን አውጥቶ ሁለቱን ጫፍ ለጊዜው አገናኛቸው። ፓምፑ ላይ 13.3።

---

ሜሪላንድ_ቁልፍ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡05

እልልል! ለጊዜው ያላችሁትን ግን ለጊዜው ብቻ ይሁን። የዛገውን ሺቦ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ቆርጣችሁ ጣሉት፣ ካጠረ ውፍረቱ ተመሳሳይ የሆነ ሺቦ ቀጥሉበት፣ ይበየድ፣ በእሳት የሚሸበሸብ ሽፋን ይልበስ። ናስትሮ ብቻውን ደፍ ሥር ውሃ ሲገባ ይለቃል። ፊውዙ የራሱ ይሁን፣ ከፍ ያለ አምፔር እንዳታስገቡ።

---

አዋሽ_ሰባት
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡20

ርጥብ ጨርቁ ሪሌዋ ላይ ቢሆን ኖሮ ይሠራ ነበር ማለት ነው 😄

---

የነዳጅ_ሽታ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡33

እሺ፣ ተሸነፍኩ። የእኔም ቪትዝ አከራይ ቤት የነበረች ናት፣ ነገ ደፏን አነሳለሁ።

---

ሰሚት_ኮሮላ
የሚቀጥለው ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ሺቦው ከተበየደ ስድስተኛ ቀኑ። እንጦጦን ሁለት ጊዜ፣ አንዱን እናቴን ጨምሬ ወጣሁት። ቅዳሜ ደግሞ ደብረ ብርሃን ደርሼ መጣሁ፣ 130 ኪሎ ሜትር መሄጃ፣ ያንኑ ያህል መመለሻ፣ አንዴም አላሳለችም። ትሪሙ 22 የነበረው አሁን 4 ላይ ነው። ጌጁን ለባለቤቱ ከመመለሳችን በፊት ዳገቱ ላይ 318 አነበብን። ጋሼ፣ ባለ ቴስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ አሁንም ጸበሉ ነው የሠራው ትላለች፣ ቅዳሜ ለካ በጠርሙስ ይዛ መጥታ ኮፈኑ ላይ ረጭታለች።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። የመጀመሪያው ኦሪጅናል ፓምፔ ምንም አልነበረውም ማለት ነው። ጋራዡን ደውዬ «አሮጌውን መልሱልኝ» ስላቸው «ጥለነዋል» አሉኝ።

---

ኪሴ_ባዶ
የሚቀጥለው ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡09

ሁለተኛ የገዛሽው «ያገለገለ ኦሪጅናል» ፓምፕ ላይ ቁጥሩን እይው እስቲ። የራስሽን መልሰው ሸጠውልሽ እንዳይሆን።

---

ሰሚት_ኮሮላ
የሚቀጥለው ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡11

ወይኔ። ወንበሩን ላንሳ መሰለኝ።